ለደንበኛ ፎቶ በቦታው ለማሳየት የሚሆን መሣሪያ እንዴት ይመረጣል? ለሰርግና ለቤተሰብ ፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመልስ ምሽት፣ በሰርጉ ዕለት ካነሣኋቸው ፎቶዎች የተሻሉትን በታብሌት ጭኜ ለሙሽራዋ እናት አሳየኋቸው። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ሦስቱን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ቀሚሱን ያሠራሁት ነጭ ነው፤ ይሄ ለምን ቢጫ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ፎቶው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ታብሌቱ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ የሚበራ፣ ለዓይን እንዲመች ተብሎ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስድ ቅንብር ነበረው፤ እኔም አላጠፋሁትም ነበር። ምክንያቱን ባስረዳቸውም እናትየው የፈረዱት በዓይናቸው ባዩት ነበርና፣ ለአልበሙ የታሰቡት ገጾች በዚያ ምሽት ሳይመረጡ ቀሩ።

ደንበኛ አልበሙን የሚያዝዘው፣ ተጨማሪ ፍሬም የሚጠይቀው ወይም ሥራው እንዲታረም የሚመልሰው በዚያች ስክሪን ላይ ባየው መሠረት ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚጠበቀው ዋና ነገር፣ በምታሳዩበት ቦታ ብርሃን ውስጥ ሆኖ፣ በኋላ ታትሞ ከሚሰጠው ፎቶ ጋር የሚመሳሰል ምስል ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ሲሆን፣ ቅደም ተከተላቸው ከተጠበቀ አብዛኛው ውሳኔ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያልቃል።

ደረጃ 1፦ የምታሳዩበትን ቦታና የሚያየውን ሰው ለዩ

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት ለደንበኛ ፎቶ ያሳያችሁባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ጻፉ። በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ የሚደረገው ነው፤ ሙሽሮቹን እንጦጦ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወስዳችሁ ስታነሡ፣ በመካከሉ ሁለቱ ቆመው ለጥቂት ደቂቃ ይመለከታሉ። ሁለተኛው ሳሎን ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ሙሽሮቹ፣ ወላጆች፣ ሚዜዎችና እኅት ወንድሞች ሶፋው ላይና ከሶፋው ጀርባ ተሰብስበው አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ እያንዳንዱም በራሱ ፎቶ ላይ አስተያየት አለው። ሦስተኛው የድርጅት ሥራ ነው፤ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም የቤት ዕቃ አምራች እያንዳንዱን ፎቶ እንደተነሣ ማየትና እዚያው ማሳረም ይፈልጋል።

በየቦታው ፊት ለፊት ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያይ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና መብራት መኖሩ የሚያስተማምን መሆኑን ጻፉ። ሦስቱንም እኩል የሚያሟላ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ከሦስቱ የትኛው ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ውሳኔ እንደሚወሰን ለዩና ለእርሱ ግዙ። በሰርግ ሥራ ይህ ብዙ ጊዜ ሳሎኑ ነው፤ የአልበሙ መጠንና የገጹ ብዛት የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ደረጃ 2፦ የመሣሪያውን ዓይነት ወስኑ

የካሜራው የራሱ ስክሪን ወደ 3 ኢንች የሚጠጋ ስለሆነ ፎቶው መነሣቱን ለማረጋገጥ እንጂ ለማስመረጥ አይበቃም። በተጨማሪም ካሜራውን ለደንበኛ እጅ መስጠት ማለት የዕለቱን ሥራ በሙሉ የያዘውን ካርድ አብሮ መስጠት ማለት ነው፤ አንድ ቁልፍ በስሕተት ቢነካ የሚጠፋው ፎቶ ዳግመኛ አይነሣም። ይህን ልማድ ጨርሶ መተው ይሻላል።

ስልክ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ስለሚገኝ ያጓጓል። ሆኖም በስልክ ስፋት ላይ የተዘጋ ዓይንና ትንሽ የደበዘዘ ፊት አይታይም፤ ደንበኛው ወዶ የመረጠው ፎቶ በትልቅ ፍሬም ሲታተም ጉድለቱ ይገለጣል፤ ጥፋቱም የፎቶ አንሺው ይሆናል። ማሳየቱ ሳያልቅ የሚገባ ጥሪም ሌላ ችግር ነው። ስልክን ለመጠባበቂያ ብቻ ያዙት።

ላፕቶፕ ለሦስተኛው ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ካሜራው በገመድ ተያይዞ እያንዳንዱ ፎቶ ወዲያው ትልቅ ሆኖ ለሚታይበት የድርጅት ሥራ፣ የሚተካው የለም። ሳሎን ውስጥ ግን ኪቦርዱ በተመልካቹና በምስሉ መካከል ይገባል፤ ከእጅ ወደ እጅም አይዞርም። በተለይ በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ቲኤን የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጎን ወይም ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ስለሚገለበጥ፣ ከመካከል የተቀመጠችው ሙሽራና ከዳር የተቀመጡት አባቷ አንዱን ፎቶ ሁለት ዓይነት አድርገው ያዩታል። ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ አይፒኤስ ወይም ኦሌድ የሚባለው፣ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ ስክሪን ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ተንቀሳቃሽ ሞኒተር፣ ማለትም በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከላፕቶፕ ወይም ከስልክ ጋር የሚገናኘው 15.6 ኢንች ገደማ የሆነው ስስ ስክሪን፣ ለሳሎን ጥሩ ስፋት አለው። ነገር ግን አብዛኞቹ የራሳቸው ባትሪ የላቸውም፤ ብርሃናቸውም ለቤት ውስጥ እንጂ ለሜዳ አይሆንም። የደንበኛውን ቴሌቪዥን ስለመጠቀም ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። ቤተሰቡ በደስታ ተሰብስቦ እንዲያይ ከሆነ መልካም ነው፤ ለምርጫ ግን አይመከርም። በየቤቱ ያለ ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ ቀለሙ እንዲደምቅ ተደርጎ የተስተካከለ ስለሆነ ፊት ሁሉ ቀልቶ ይታያል፤ የታተመው አልበም ሲመጣም የፈዘዘ ይመስላል።

በእኔ ግምት ለሰርግና ለቤተሰብ ፎቶ አንሺ 11 ወይም 13 ኢንች ታብሌት ከሁሉ ይሻላል። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ደረጃዎች በዋናነት ስለ ታብሌት ቢሆኑም፣ ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም የተጻፈው ለማንኛውም ስክሪን ይሠራል።

ደረጃ 3፦ ስፋቱንና ቅርጹን ከፎቶአችሁ ጋር አስተያዩ

የስክሪን መጠን የሚነገረው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ በቁጥር ትንሽ የሚመስል ልዩነት በስፋት ብዙ ነው። 13 ኢንች ከ11 ኢንች በስፋት ወደ 40 በመቶ ይበልጣል፤ 11 ኢንች ደግሞ ከ8 ኢንች እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ለሜዳ 11 ኢንች በቂ ሲሆን፣ ለሳሎን 13 ኢንች ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቅርጹ ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎቻችን የሚያነሡት ቁመቱና ስፋቱ 3 ለ 2 የሆነ ፎቶ ነው። ይህ ፎቶ እንደ ብዙዎቹ የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብሌቶች 16 ለ 10 በሆነ ስክሪን ላይ ሲታይ 94 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ 2360 በ1640 ፒክስል በሆነው የ11 ኢንች አይፓድ ኤር ላይ 96 በመቶ፣ 4 ለ 3 በሆነው ትልቁ አይፓድ ላይ 89 በመቶ፣ 16 ለ 9 በሆነ ላፕቶፕ ላይ ግን 84 በመቶ ብቻ ይሸፍናል። ለግድግዳ ፍሬም ብላችሁ 4 ለ 5 አድርጋችሁ የምትቆርጡት የቁም ፎቶ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፤ 4 ለ 3 የሆነው ስክሪን 94 በመቶ ሲሸፈን፣ 16 ለ 10 የሆነው 78 በመቶ ብቻ ይሸፈናል። አብዛኛው ሥራችሁ የቁም ምስል ከሆነ ረጅሙና ቀጭኑ ታብሌት ከተገዛው ስክሪን ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነውን ጥቁር አድርጎ እንደሚያስቀር ዕወቁ።

የፒክስል ብዛት ከዚህ ያነሰ ጭንቀት ይፈልጋል። በ11 ኢንች ላይ ከ1920 በ1200 ያላነሰ ከሆነ ፎቶው ጥርት ብሎ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ከሜዳ ብርሃን ጋር ፈትኑት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የስክሪን የብርሃን ኃይል የሚለካው በኒት ነው፤ ተራ ታብሌት ከ300 እስከ 400 ኒት፣ መካከለኛው 500 ኒት፣ እንደ 2024ቱ አይፓድ ፕሮ ያሉት ውዶቹ ደግሞ 1,000 ኒት ይሰጣሉ። ሻጩ የሚነግራችሁ ይህን ቁጥር ነው። ሜዳ ላይ ምስሉን የሚያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ብርሃን ማነስ ሳይሆን መስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀው የአካባቢው ብርሃን ነው።

በምሳሌ እንየው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ቦታ ብርሃኑ ወደ 100,000 ሉክስ (በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ወደ 10,000 ሉክስ ይወርዳል፤ ማታ ሳሎን ውስጥ ግን ከ100 እስከ 200 ሉክስ ብቻ ነው። በጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ ልብስ ወደ 2,500 ኒት የሚጠጋ ብርሃን ይመልሳል። ተራ መስታወት ከዚህ 4 በመቶ ያህሉን ወደ ተመልካቹ ዓይን ስለሚያንጸባርቅ፣ በምስሉ ጥቁር ክፍል ላይ 100 ኒት የሚሆን ግራጫ ብርሃን ይደርብበታል። ስክሪኑ 500 ኒት ቢሆን በነጩና በጥቁሩ መካከል የሚቀረው ልዩነት 6 ለ 1 ብቻ ይሆናል፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ዝርዝሩ ጠፍቶ ጭስ የለበሰ ይመስላል።

አሁን ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን ያለውን ስክሪን ውሰዱ። የሚያንጸባርቀው ወደ 2 በመቶ ስለሚወርድ የሚደረበው ግራጫ 50 ኒት ብቻ ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ 11 ለ 1 ያድጋል። ይህ የብርሃን ኃይሉን ከ500 ወደ 1,000 ኒት ከማሳደግ ጋር እኩል ነው፤ በዋጋ ግን በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ስትጠይቁ ከኒቱ ቁጥር ጋር ሁለት ነገሮችን ጨምራችሁ ጠይቁ፦ መስታወቱና ማሳያው ያለ ክፍተት የተጣበቁ መሆናቸውንና ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን መኖሩን። አይፓድ ኤርና አይፓድ ፕሮ ሁለቱም አሏቸው፤ ርካሹ ተራው አይፓድ፣ ከ9ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉት ሞዴሎች ጭምር፣ ሁለቱም የሉትም፤ በመስታወቱና በማሳያው መካከል ያለው የአየር ክፍተትም ሌላ ነጸብራቅ ይጨምራል። ከሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ 10 ፕላስና አልትራ ይህ ሽፋን አላቸው።

አንድ የእኛ የሥራ ጠባይ ችግሩን ያባብሰዋል። ስክሪን የሚያንጸባርቀው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከፊቱ ያለችው ደግሞ ነጭ የለበሰች ሙሽራ ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፀሐይ ላይ ቆማ ከሆነ ከቀሚሱ ብቻ የሚንጸባረቀው ወደ 1,000 ኒት ሊደርስ ስለሚችል ምንም ዓይነት ታብሌት አያሸንፈውም። መፍትሔው ከአቋቋም ይመጣል። ተመልካቾቹን ወደ ጥላ አግቡ፤ ጀርባቸው ወደ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ወይም ወደ ጨለማ በር እንዲሆን አድርጉ፤ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ካሉም ከሙሽራዋ ጀርባ ቢቆሙ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ጥቁር ስለሚሆን ምስሉ ይጠራል። ጥቁር ጃንጥላም ተመልካቾቹንና ታብሌቱን አንድ ላይ ከሸፈነ ይረዳል፤ ለብርሃን መመለሻ የምንጠቀምበት ነጭ ጃንጥላ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። በመጨረሻም ደንበኛው ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ከሆነ ኤልሲዲ ስክሪን በአንድ አቅጣጫ ጨልሞ ሊታየው ስለሚችል፣ መነጽሩን እንዲያወልቅ ጠይቁት ወይም ታብሌቱን አዙሩት።

ሙቀትም ሊታሰብ ይገባል። አፕል ለአይፓድ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ በፀሐይ የተተወ ታብሌት ራሱን ለመከላከል ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሲብስም ይዘጋል። እስክታሳዩ ድረስ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውንም ጥላ ሥር አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ቀለሙን በራሳችሁ ፎቶ መዝኑ

ሱቅ ውስጥ የሚታየው የማሳያ ቪዲዮ የተሠራው ማንኛውም ስክሪን እንዲያምር ነውና በእርሱ አትፍረዱ። ከራሳችሁ ሥራ አራት ፎቶዎች መርጣችሁ፣ በምትተማመኑበት ማተሚያ ቤት አሳትማችሁ፣ ፋይሉንም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በጥላ ውስጥ የተነሣበት ይሁን፤ ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱ፣ የሸማው ድርም መታየቱ እዚህ ይለያል። ሁለተኛው የመልስ ካባ ይሁን፤ በጥቁር ወይም በደማቅ ቀይ ከፋይ ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ በደካማ ስክሪን ላይ ጨርቁ ወደ አንድ ጥቁር ጥፍጥፍ ሲለወጥ ጥልፉ ብቻውን ተንሳፍፎ ይቀራል። ሦስተኛው ጠይምና ቀይ ዳማ የሆኑ ሰዎች ጎን ለጎን የቆሙበት የቤተሰብ ፎቶ ይሁን። አራተኛው ጥበቡ አረንጓዴና ቀይ የበዛበት ይሁን።

የታተመውን ከስክሪኑ አጠገብ ይዛችሁ አስተያዩ። ከዚያ በፊት ግን ስክሪኑን የሚያስዋሹ ቅንብሮችን ሁሉ አጥፉ። በአይፓድ ላይ ትሩ ቶንና ናይት ሺፍት፣ በሳምሰንግ ላይ ዓይን ለመጠበቅ የሚባለው ቅንብር ይጠፋሉ፤ የሳምሰንጉ የስክሪን ሞድም ደማቅ ከሚለው ወደ ተፈጥሯዊ ይለወጣል። ኦሌድ ስክሪን ደማቅ በሚለው ሞድ ላይ ሲሆን የጥበቡን ቀይ ያቃጥለዋል፤ የሰው ፊትንም ብርቱካናማ ያደርገዋል። ደንበኛው ይህን ይወደዋል፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ በወረቀት ላይ ያንን ቀለም ማንም ሊሰጠው አይችልም።

የቀለም ስፋት የሚገለጽባቸው ሁለት ስሞች ያጋጥሟችኋል። ኤስአርጂቢ በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት ሲሆን ካሜራዎቻችንም ሆኑ አብዛኞቹ ማተሚያ ቤቶች የሚሠሩበት ነው፤ ፒ 3 የሚባለው ከእርሱ ሰፋ ይላል። ኤስአርጂቢን ሙሉ ለሙሉ የሚያሳይ ስክሪን ለእኛ ሥራ ይበቃል። ካሜራችሁ ከኤስአርጂቢ በሚሰፋው በአዶቢ አርጂቢ ተስተካክሎ ከሆነ ግን አንዳንድ የፎቶ መክፈቻ መተግበሪያዎች ያንን ስለማይረዱ ፎቶው ደብዝዞ ይታያል፤ ለማሳያ የምታዘጋጁትን ሁሉ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይሩት።

የብርሃኑ መጠንም የቀለሙን ያህል ያታልላል። ለኅትመት ፎቶ የሚያርሙ ባለሙያዎች ሞኒተራቸውን ከ80 እስከ 120 ኒት ያደርጉታል። ማታ ሳሎን ውስጥ 500 ኒት ላይ የታየ ፎቶ፣ በማግሥቱ ወረቀት ላይ ሲታይ የጨለመ ይመስላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስታሳዩ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ልኩን ለማግኘት የታተመውን ፎቶ ከጎኑ አድርጋችሁ ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ድረስ አውርዱትና፣ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቅንብር ዝጉት።

ደረጃ 6፦ ፎቶው ከካሜራ ወደ መሣሪያው የሚሻገርበትን መንገድ አስቀድማችሁ ፈትኑ

በገመድ አልባ የሚልኩት የካሜራ ኩባንያዎቹ መተግበሪያዎች፣ ማለትም የካኖን ካሜራ ኮኔክት፣ የኒኮን ስናፕብሪጅና የሶኒ ክሪኤተርስ አፕ፣ ጥቂት ፎቶ ለመላክ ይጠቅማሉ። ስናፕብሪጅ በራሱ ሲልክ ፎቶውን ወደ 2 ሜጋፒክስል እንደሚያሳንሰው አስታውሱ፤ ደንበኛው ፊቱን ለማየት በሁለት ጣቱ ሲያሰፋው ይደበዝዛል። መቶና ሁለት መቶ ፎቶ ለማሻገር ግን ካርድ ሪደር ይሻላል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ጄፔግ እያንዳንዱ ወደ 10 ሜጋባይት ቢሆን 300 ፎቶ 3 ጊጋባይት ነው፤ ዩኤስቢ ሲ ቢኖረውም ፍጥነቱ የዩኤስቢ 2 በሆነ ታብሌት ላይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ሮው የሚባለው ያልታረመ ጥሬ የካሜራ ፋይል ከሆነ ጊዜውም የሚይዘው ቦታም ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

እኔ የምከተለው ቀላል ዘዴ አለ። ካሜራው ሁለት የካርድ ማስገቢያ ካለው በአንዱ ሮው፣ በሌላው መካከለኛ መጠን ያለው ጄፔግ እንዲጽፍ አድርጉ። ታብሌቱ የሚያየው ሁለተኛውን ካርድ ብቻ ነው፤ ዋናው ከካሜራው አይወጣም። ትንሹን መጠን ያልመረጥሁት ደንበኛ ፎቶ ማስፋቱ ስለማይቀር ነው።

የራሳችሁን ካርድና ካርድ ሪደር ሱቅ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩ። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች የሚጠቀሙበትን ኤክስፋት የሚባል አሠራር አንዳንድ ርካሽ ታብሌቶች አያነቡም። እንዲህ ያለው ታብሌት ካርዱ እንደማይሠራ ገልጾ ፎርማት ላድርገው ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ እሺ ማለት የሰርጉን ፎቶ መደምሰስ ነው። አይፓድም ፎቶዎቹን ካስገባ በኋላ ከካርዱ ላይ ልሰርዛቸው ወይስ ይቆዩ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሳችሁ ሁልጊዜ «ይቆዩ» የሚለው ይሁን። ፎቶዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እስኪቀመጡ ድረስ ከካርድ ላይ ምንም ነገር አይሰረዝም፤ ታብሌቱ ከሁለቱ እንደ አንዱ አይቆጠርም።

ለማሳያ ብቻ የሚያገለግል ታብሌት 128 ጊጋባይት ይበቃዋል። አይፓድ ተጨማሪ ሜሞሪ ማስገቢያ ስለሌለው በኋላ የማይጨመር መሆኑን አስቡ፤ ብዙዎቹ የጋላክሲ ታብሌቶች ግን ማይክሮ ኤስዲ ይቀበላሉ።

ደረጃ 7፦ መብራት እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ተዘጋጁ

ሳሎን ውስጥ መብራት ቢሄድ ታብሌት ይቀጥላል፤ ያለ ባትሪ የሚሠራ ሞኒተርና ቴሌቪዥን ግን እዚያው ያበቃሉ። የ10ኛው ትውልድ አይፓድ ባትሪ 28.6 ዋት ሰዓት ነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚባል ፓወር ባንክ በጽሑፍ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በማስተላለፍ ላይ ከሚባክነው በኋላ ከሁለት ሦስተኛው ብዙም የማይበልጥ ስለሚደርስ፣ ታብሌቱን አንድ ጊዜ ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ለሁለት ቀን የክፍለ ሀገር ሰርግ ያስተማምናል፤ በአውሮፕላን ስትሄዱም ከ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች በመሆኑ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ በሚጫነው ሻንጣ ግን አይፈቀድም። ለላፕቶፕ ከሆነ ፓወር ባንኩ በዩኤስቢ ሲ በኩል ቢያንስ 45 ዋት መስጠቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ስትገዙ አገላብጣችሁ እዩ

አዲስ መግዛት ከአቅም በላይ ከሆነ ያገለገለ አይፓድ ኤር ከአዲስ ርካሽ ታብሌት ለዚህ ሥራ ይሻላል፤ የስክሪኑ ጥራት ዓመታት አልፈውትም ይበልጣልና። ያገለገለ ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉ ነጭ የሆነ ምስል ከፍታችሁ ቢጫ ነጠብጣብ፣ የጨለመ ጥግ ወይም የሞተ ፒክስል ፈልጉ፤ ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍታችሁ ስክሪኑን በእጃችሁ ጋርዳችሁ ከዳር የሚያፈስ ብርሃን እዩ፤ ኦሌድ ከሆነ በግራጫ ምስል ላይ የቀድሞ ምልክቶች ታትመው መቅረታቸውን መርምሩ። ስክሪኑ የተቀየረ መሆኑን ሻጩን በቀጥታ ጠይቁት፤ የተቀየረ ስክሪን ቀለሙ ከዋናው ይለያል፤ ያመጣችሁት የታተመ ፎቶም ይህን ያጋልጣል።

አይፓድ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ሙሉ ለሙሉ መውጣቱን ለማወቅ እዚያው ፊታችሁ ሁሉም ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ እንዲነሣ ጠይቁ። ሲነሣ የሌላ ሰው አካውንት የይለፍ ቃል ወይም የአንድ ድርጅት ቁጥጥር ከጠየቀ፣ በምንም ዋጋ አትግዙት። ከዚያ በኋላ የቻርጅ ማስገቢያውን፣ ስክሪኑ በየጥጉ ንክኪ መቀበሉን፣ በግማሽ ሰዓት ሙሉ ብርሃን ላይ ባትሪው ምን ያህል እንደሚወርድ እዩ። ሕጋዊ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ሻጩ ከፈቀደ ታብሌቱን ይዛችሁ ወደ በራፍ ውጡና፣ ጥላ ውስጥ ቆማችሁ የካባውን ፎቶ ክፈቱ። ከፋዩ ከጥልፉ ተለይቶ ከታያችሁ ሥራውን ይሠራል።

ደረጃ 9፦ ለደንበኛ ከመስጠታችሁ በፊት

ታብሌቱ የግል መልእክት፣ የባንክ መተግበሪያና የቤተሰብ ፎቶ የሌለበት፣ ለሥራ ብቻ የሆነ ይሁን። በውስጡ የዚያ ደንበኛ ፎቶዎች ብቻ ይቀመጡ። የአንድ ቤተሰብ ፎቶ በሌላ ቤተሰብ ሳሎን መታየት እምነት ማጉደል ነው፤ በተለይ የሴቶች የግል ዝግጅትና የልጆች ፎቶ ሲሆን በቀላሉ አይታለፍም። በአይፓድ ጋይድድ አክሰስ፣ በአንድሮይድ ደግሞ ስክሪን ፒኒንግ የሚባለውን ስታበሩ ደንበኛው ከተከፈተው መተግበሪያ በቀላሉ መውጣት አይችልም። ማሳወቂያዎችን አጥፉ፤ ኢንተርኔቱን ዝጉ።

ሳሎን ውስጥ የመጀመሪያውን ዙር ታብሌቱን በእጃችሁ ሳትይዙ በማቆሚያ ላይ አቁማችሁ፣ በዕድሜ ትልልቆቹ ፊት ለፊት እንዲቀመጡ አድርጋችሁ አሳዩ። ከአንድ ሺህ በላይ ብታነሡም ከ150 ብዙ የማይበልጡትን፣ ብርሃናቸውና ቀለማቸው በመጠኑ የታረሙትን ብቻ አቅርቡ። በሁለተኛው ዙር ታብሌቱን ለሙሽሮቹ ስጡና የሚወዷቸውን በልብ ወይም በኮከብ ምልክት እንዲለዩ አድርጉ። ምርጫው ሲያልቅ የፋይሎቹን ቁጥር ከአልበሙ ገጽ ብዛት ጋር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመሰናበታችሁ በፊት አስፈርሙ፤ በምልክት የተለየውን ዝርዝርም የስክሪን ፎቶ አንሥታችሁ ለደንበኛው ላኩለት፤ በኋላ ከእናቶች አንዷ «ያ ከአያቷ ጋር የተነሣችው የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ሁለታችሁም የምትመለከቱት አንድ ወረቀት ይኖራል።